አንጋፋው ጋዜጠኛ መንገድ ላይ ናቸው

ጓደኛዬ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። ኮልፌ ውስጥ፣ ሁለታችንም ባደግንበት መንደር፣ አስፋልቱ ዳር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። ዕድሜውን የጨረሰው ብረት መቁረጫው ግራይንደር ጆሮው ሥር ሲጮህ ነው። ጆሮህን ሸፍን ብዬ ስንቴ እንደለመንኩት እኔ አውቃለሁ። መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ሸፍኜ ደንበኛ ሲጠራኝ በምኔ ልስማ?»

አሁን ግራ ጆሮው አይሰማም። ቀኙም እየደከመ ነው። ባለፈው ክረምት ቤቴል ያለ ክሊኒክ ወስጄው ሐኪሙ በደንብ መረመረው፤ የውስጥ ጆሮውን ሥዕል እያሳየ፣ ምን ምን እንደተጎዳና ለምን እንደማይመለስ፣ ቀኙም የግራውን መንገድ እንደያዘ ረዘም አድርጎ አስረዳን። ጓደኛዬ ሲያዳምጥ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ምን አለ?»

«ቀኙም ይሄዳል አለ።»

«ይሄን ሁሉ አውርቶ ይሄን ብቻ ነው ያለው?»

ማሳጠር ሙያዬ ነው። ሰው ግማሽ ሰዓት የተናገረውን በሁለት መስመር ማስቀመጥ ከወጣትነቴ ጀምሮ የተከፈለኝ ሥራ ነው፤ ስለዚህ እንደ ድክመት አይቼው አላውቅም ነበር።

ከክሊኒኩ ወጥተን ታክሲ ስንጠብቅ ስለ ሥራው ይጨነቃል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ «ሰውዬው መድረክ ላይ ይወጣ ይሆን?» አለኝ።

ሰውዬው የምንለው አንድ ጊታር ተጫዋች ነው። ከኛው ሰፈር ነው የወጣው፤ እኛ ጎረምሶች ሳለን እሱ ትልቅ ሰው ነበር። አንድ ካሴት አውጥቷል፣ አንድ ብቻ። ሮክ በአማርኛ። ያኔ ሰፈሩ ውስጥ የወደድነው ሁለት ነበርን፤ ጓደኛዬና እኔ። የጓደኛዬ እናት ካሴቱ በተከፈተ ቁጥር ከጓዳ ሆነው «ይሄን ልጅ ማነው እንዲህ የሚገርፈው?» ይሉ ነበር። ሌላው ሕዝብም ከእሳቸው ብዙም የተለየ ሐሳብ አልነበረውም፤ ካሴቱ አልተሸጠም፣ ዳግመኛም አልታተመም። ሰውዬው ከዚያ ወዲህ በየሆቴሉ ባንድ ውስጥ ቆሞ የሌሎች ሰዎችን ዘፈን ሲያጅብ ኖረ። የራሱን በመድረክ ሲጫወት የሰማ ሰው አላጋጠመኝም።

በካሴቱ «ለ» ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው ዘፈን ግጥሙ ቶሎ ያልቅና ጊታሩ ብቻውን ይቀጥላል። ይወጣል፣ ይወጣል፣ አሁን ሊፈነዳ ነው በሚባልበት ቦታ ላይ የጓደኛዬ ቴፕ ክሩን በላው። ተጨማዶ ወጣ። ጓደኛዬ የተበላሸውን በምላጭ ቆረጠ፣ ሁለቱን ጫፍ በፕላስተር አገናኘ፣ በእስክርቢቶ ጠመጠመ። ከዚያ በኋላ ጊታሩ ሽቅብ ሲወጣ እንሰማዋለን፤ ጠቅ ይላል፤ ቁልቁል ሲመለስ እናገኘዋለን። ጫፍ ላይ ምን እንዳደረገ አላወቅንም። ከመቆረጡ በፊት ደጋግመን ሰምተነዋል፤ ግን የትዝታ ነገር ሆነና ሁለታችንም የየራሳችንን ነው የምናስታውሰው። እሱ «እዚያ ጋ ጊታሩን ክፉኛ ያስጮኸዋል» ይላል። እኔ ከበሮ ነበር እላለሁ። ዘፈኑ ኢንተርኔት ላይ የለም። ሌላ ካሴት ያለው ሰው ፈልገን አጣን። በዚህ ጉዳይ የተጨቃጨቅነውን ያህል በፖለቲካ አልተጨቃጨቅንም።

እንግዲህ ጓደኛዬ የፈለገው ይህን ነው። ቀኝ ጆሮው ሳይዘጋ የተቆረጠውን ቦታ መስማት።

ማስታወቂያው የተለጠፈው ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ነው። የሰፈራችን ልጆች ማኅበር አቋቁመው ኖሮ፣ ሰውዬውን ሊያመሰግኑ የእሁድ ከሰዓት ኮንሰርት አዘጋጅተዋል፤ ቤቴል በሚገኝ የሠርግ አዳራሽ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ «የራሱን ሥራዎች ብቻ ይዞ»። ጓደኛዬ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝና ወዲያው ሱቁ ድረስ አስጠራኝ።

«አንተ ብትደውልላቸው ፊት ያስቀምጡናል። እስፒከሩ ሥር።»

«አልደውልም።»

«ለምን?»

«ታውቃለህ ለምን።»

ያውቃል። ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ በነፃ የገባሁበት በር የለም፣ ጋዜጠኛ ነኝ ብዬ የቀደምኩትም ወረፋ የለም። ለዘገባ ካልሄድኩ መታወቂያዬ ከኪሴ አይወጣም። ይህን ደንብ ለራሴ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ሳላጎድል የጠበቅሁትም እኔ ነኝ፤ ከብዙ ችግርም አድኖኛል።

«ጆሮዬስ?» አለ ጓደኛዬ።

«ትኬት እገዛለሁ። ቀደም ብለን እንሄዳለን። ፊት እንቀመጣለን።»

ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ስምምነት ወሰድኩት። በሙያችን ዝምታን እንደ ስምምነት መውሰድ ክልክል ነው፤ ግን ያን ዕለት ሥራ ላይ አልነበርኩም።

እሁድ ምሳ ሳንበላ ከጦር ኃይሎች ታክሲ ይዘን አየር ጤና፣ ከዚያ ቤቴል ደረስን። አዳራሹ ገና ባዶ ነበር። ጓደኛዬ በግራ በኩል ካለው እስፒከር ሥር ለቀኝ ጆሮው የሚመች ቦታ መርጦ ሊቀመጥ ሲል አንዲት አስተናጋጅ ደረሰችብን።

«ይቅርታ፣ ፊት ለክብር እንግዶች ነው። ከኋላ ጀምራችሁ ሙሉልኝ።»

«አዳራሹ ባዶ ነው» አልኳት።

«ለዚህ እኮ ነው ከኋላ ጀምራችሁ ሙሉልኝ የምላችሁ።»

ይህን አመክንዮ እስከ ዛሬ መርምሬ አልጨረስኩትም። በቀይ ሪባን የታጠሩ ሶፋዎች ፊት ለፊት ተደርድረዋል፤ ፊታቸው የታሸገ ውሃና ሰው ሠራሽ አበባ። መድረኩ ላይ ያለፈው ሠርግ ዙፋን አልተነሳም፤ ሁለት የወርቅ ቀለም ወንበሮች፣ በላያቸው በአበባ የተሠራ ልብ። ከነሱ ፊት ከበሮና ማይክሮፎን ቆሟል። እኛ ከመጨረሻው ረድፍ ሁለተኛው ላይ፣ የመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጥን። ጓደኛዬ ምንም አልተከራከረም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ወደ ፊት ያይ ነበር፣ የሆነ ሰው መጥቶ እንደሚጠራው ዓይነት። ይህንንም ልብ ብዬ አላየሁትም።

ስምንት ሰዓት ሆነ። አዳራሹ ሞላ። ማንም አልመጣም። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሹራባቸውን አውልቀው በማስታወቂያው ወረቀት ራሳቸውን ያራግቡ ጀመር። ዘጠኝ ሊሞላ ሲል ቀይ ኮት የለበሰ የመድረክ መሪ ብቅ ብሎ ለሕዝቡ ትዕግሥት፣ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ለአዳራሹ ባለቤት፣ ለድምፅ ባለሙያዎችና ለፈጣሪ ምስጋና አቀረበ። ከዚያ ስለ ፍቅር ተናገረ። መጨረሻ ላይ ጥቂት እንድንታገስ ለመነን።

የአዳራሹ ድምፅ ያስተጋባል፤ ጓደኛዬ አንድም ቃል አልያዘም።

«ምን አለ?»

«ይቅርታ ነው የሚለው።»

ቆየት ብሎ ቀይ ኮት ተመለሰ። «ክቡራንና ክቡራት፣ እኛ የሰፈር ልጆች ባህላችንን እናውቃለን! እንግዳ ጠርተን፣ እንግዳው ሳይደርሱ ማዕድ አንቆርስም! ዛሬ በመካከላችን እንዲገኙ የጋበዝናቸው፣ ከዚሁ ሰፈር ወጥተው በብዕራቸው አገር ያገለገሉ አንጋፋ ጋዜጠኛ አሉ። እሳቸው ሳይደርሱ ብንጀምር ነውር ነው፣ አይደለም ወይ?»

«አይደለም!» አለ ከኋላ አንድ ጎረምሳ፤ ሰው ሳቀ።

«ምን አለ?» አለኝ ጓደኛዬ፣ ቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ።

«አንድ እንግዳ እየጠበቁ ነው።»

«ማነው?»

«አንዱ ነው ባክህ።»

ከዚህ የበለጠ ላስረዳው አልፈለግሁም፤ ተናድጄ ነበር። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። አውጥቶ ቁጥሩን አየና መልሶ ከተተው። «የማላውቀው ቁጥር ነው፤ በር ያዘዘ ሰው ይሆናል። በዚህ ጫጫታ ምኑን እሰማለታለሁ» አለ። ወዲያው ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ከተተው።

ሴትዮዋ ወደ እኔ አዘነበሉ። «የማነው ጋዜጠኛ ደግሞ? ሙሽራ ነኝ ብሎ ነው እንዴ የሚያስጠብቀን?»

«ማንም ይሁን እናቴ፣ ባለጌ ነው» አልኳቸው። «የሙያውን ስም የሚያጠፉት እንደዚህ ያሉት ናቸው። ሕዝብ አስቀምጦ እሱ ምሳውን እየበላ ይሆናል።»

«እውነትህን ነው ልጄ» አሉ ሴትዮዋ።

በልቤ የሥራ ባልደረቦቼን በተርታ እያነሳሁ መረመርኳቸው። ከኮልፌ የወጣ ማን አለ? አንዱን ጠረጠርኩ፤ ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣና ሁልጊዜ ፊት የሚቀመጥ አለ። እሱ መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። ያለማስረጃ ወሰንኩ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አላደርግም ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ቀይ ኮት ሲመጣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው። «የምሥራች! አንጋፋው ጋዜጠኛ መንገድ ላይ ናቸው! ጦር ኃይሎች ደርሰዋል! መንገዱ ተዘጋግቶባቸው ነው!»

ከጦር ኃይሎች ወደዚህ ያለውን መንገድ ከሁለት ሰዓት በፊት መጥቼበታለሁ፤ እሁድ ስለሆነ ክፍት ነበር። ያናደደኝ መዘግየቱ ሳይሆን ይህ ውሸት ነው። ማን ነገረው? ደውሎ ጠይቋል? ከሁሉም በላይ ደግሞ አዳራሹ ለማታ የቅልቅል ዝግጅት መከራየቱን በሩ ላይ ተለጥፎ አንብቤያለሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያ ዘፈን የካሴቱ መጨረሻ ነው። ሰውዬው በካሴቱ ቅደም ተከተል ከተጫወተ ሳይደርስበት ያስወጡናል። አንድ ግብዝ በሚያቆየን እያንዳንዱ ደቂቃ ጓደኛዬ የሚያጣው ያን ዘፈን ነው።

ተነሳሁ።

«የት ነው?» አለ ጓደኛዬ።

«መጣሁ» ብዬው ወደ ፊት ሄድኩ።

ሪባኑ አጠገብ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ «አዘጋጅ» የሚል ባጅ የለጠፈ፣ በላብ የተጠመቀ ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ደቅኖ ቆሟል። ከኔ በዕድሜ ያንሳል።

«ወንድሜ፣ ይሄን ሁሉ ሕዝብ ለአንድ ሰው ብላችሁ ታስቀምጣላችሁ?»

«ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱን፣ ስልክ አላነሳ ብለውን ነው።»

«ካላነሱ ጦር ኃይሎች መድረሳቸውን በምን አወቃችሁ?»

«እሱማ ሕዝቡን ለማረጋጋት ነው።»

«ሕዝብ በውሸት አይረጋጋም። ስማኝ፣ እኔም ጋዜጠኛ ነኝ። ከዚሁ ከኮልፌ ነው የወጣሁት። ትኬቴን ገዝቼ እዚያ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ከስምንት ሰዓት በፊት ጀምሮ ተቀምጫለሁ። ጋዜጠኛ ስለሆነ ብቻ ሰው አይጠበቅም። ጀምሩ!»

ስልኩን ከጆሮው አወረደ። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ጋሼ... የበር ሠሪው ጓደኛ እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ወደ ኋላ ዞሬ ጓደኛዬን አየሁ።

«እሱ እኮ ነው ማኅበሩ ቢሮ የደወለልኝ! ጋዜጠኛ ጓደኛዬን ይዤ እመጣለሁ፣ እስፒከሩ ሥር ቦታ ያዝልን አለኝ። ሶፋ አዘጋጅተን፣ አበባ አስገዝተን፣ ዛሬ በራሴ ስልክ ስደውልለት አያነሳም...» ወደ ቀይ ኮት ዞሮ እጁን አወናጨፈ። «ደረሱ! ደረሱ በል!»

«ደረሱ!» አለ ማይክሮፎኑ። «አንጋፋው ጋዜጠኛ ደረሱ! በሞቀ ጭብጨባ!»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዳንዱ አጨበጨበ፤ አብዛኛው እኔ ራሴ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያን ጋዜጠኛ በሰደብኩበት ንዴት አየኝ። ከኋላ የወፍራሟ ሴትዮ ድምፅ ከሁሉም በላይ ይሰማ ነበር። «እንዴ! ይሄ እኮ እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን ሲሰድብ ነበር!»

ጓደኛዬን አምጥተው አጠገቤ ሶፋ ላይ አስቀመጡት። ቀኝ ጆሮው በቀጥታ እስፒከሩን ያያል። እንደዚያ ተናዶ አይቼው አላውቅም።

«ጋዜጠኛ እየጠበቁ እንደሆነ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንድ እንግዳ አልኩህ እኮ!»

«እንግዳ ሌላ፣ ጋዜጠኛ ሌላ! ሰዎቹ የተናገሩትን ብትነግረኝ ምናለበት? ሁልጊዜ ትቆርጠዋለህ!»

«አንተስ እንደደወልክ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ትመጣ ነበር?»

አልመጣም ነበር። የሚያውቀው ሰው መስማት አይችልም፤ የሚሰማው ሰው አያውቅም። በመካከል አንድ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ላብ በላብ ሆነ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ። አበባ ተሰጠኝ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ስለ ማኅበሩ አመሠራረት ንግግር አደረጉ። ምክትላቸው ሊቀመንበሩ የረሱትን ጨመሩ። ከዚያ ማይክሮፎኑ ወደ እኔ መጣ፤ «ጥቂት ቃል» ተባልኩ።

«ይጀመር» አልኩና መለስኩላቸው። በሕይወቴ ያገኘሁት ትልቁ ጭብጨባ ይሄ ነው።

ሰውዬው ከዙፋኑ ጀርባ ብቅ አለ። ቁመቱ ካሰብኩት ያጥራል። መነጽር አድርጓል፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ሰው ሳያውቀው ቢያየው የሒሳብ መምህር ነው የሚለው። ለሕዝቡ አንገቱን ነቀነቀ፣ ከሙሽራው ወንበር ላይ የተረሳ የአበባ ጉንጉን አንስቶ በጥንቃቄ ወደ ጎን አስቀመጠ፣ ጊታሩን አነሳ።

ስለ አጨዋወቱ የተጋነነ ነገር መጻፍ አልፈልግም። ድምፁ ደክሟል፤ ከፍ የሚሉትን ቦታዎች ለሕዝቡ እየተወ ያልፋቸዋል፣ ሕዝቡ ደግሞ ግጥሙን ስለማያውቀው እዚያ ጋ ባዶ ይቀራል። እጁ ግን አልደከመም። ካሴቱ ላይ ሁለት ጊታር ነው ብዬ ዕድሜ ልኬን የማስበው ነገር አንድ ሰው ብቻውን ሲጫወተው አየሁ፤ አውራ ጣቱ አንድ ነገር ይሠራል፣ ሌሎቹ ጣቶች ሌላ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ወጣቶቹ ከኋላ ተነስተው መዝለል ጀመሩ። ወፍራሟም ሴትዮ ሹራባቸውን በእጃቸው እያሽከረከሩ ተነስተዋል። ያ ሁሉ ንዴት ከላዬ ሲወርድ ተሰማኝ። ጓደኛዬ ግን አይዘልም፣ አያጨበጭብም። ጆሮውን ወደ እስፒከሩ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ሰውዬው እጅ ላይ ተክሎ ይጠብቃል።

በመካከሉ ከአንዱ ጥግ «ጉራጌኛ!» የሚል ድምፅ ተነሳ። ሌላው ተቀበለው። ሰውዬው ሳቅ ብሎ ከበሮ መቺውን አየውና በዚያ በሚያንባርቅ ጊታር የጉራጌ ምት ጀመረ። አዳራሹ ተነቃነቀ። ሊቀመንበሩ ኮታቸውን ጥለው ገቡ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔም እገባ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ሰዓቴን እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ፤ ማለቂያ አልነበረውም።

ሲጨርሱ የአዳራሹ የጎን በር ተከፈተ። የማታው ቅልቅል ዲኮር ሠራተኞች ነበሩ፤ ነጭ ጨርቅ፣ መሰላል፣ ግዙፍ የአበባ ቅስት ተሸክመው በግድግዳው ጥግ ጥግ ይገቡ ጀመር። ቀይ ኮት ወደ ማይክሮፎኑ ሄደ። «ሰዓታችን ስላለቀ አንድ የመጨረሻ ዘፈን!» አለና ሁሉም ሰው የሚያውቃትን አንዲት የሌላ ዘፋኝ ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ስም ጠራ።

ጓደኛዬ ያን ጊዜ ምን እንደተባለ አልጠየቀኝም። ከሕዝቡ ፊት ገብቶታል። ከሶፋው ላይ ወደ ኋላ ተደገፈና ቀኝ ጆሮውን በመዳፉ አሸት አደረገው።

አዘጋጁን በእጄ ጠራሁት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ጠይቄ የማላውቀውን ጠየቅሁ። «ከካሴቱ የመጨረሻውን ይጫወትልኝ። ስለ እኔ ብላችሁ።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ካሉማ!» አለና እየሮጠ ሄዶ በሰውዬው ጆሮ ተናገረ። ሰውዬው ገርሞት በመነጽሩ አናት ወደ እኛ አየ። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ድምፆች መታ። ጓደኛዬ ክንዴን ጨመቀው፣ በብረት ሠሪ እጅ።

ውለታ በነፃ እንደማይሰጥ ላውቅ ይገባኝ ነበር። አዘጋጁ ተመልሶ በሶፋው ክንድ ላይ፣ በግራዬ ተቀመጠ፤ አፉን ጆሮዬ ላይ አደረገ። ግጥሙ ሲያልቅ ማኅበሩ ሊያሠራው ስላሰበው የወጣቶች ማዕከል እየነገረኝ ነበር። ጊታሩ ሽቅብ መውጣት ሲጀምር ስለ ቦታው ይዞታ ጉዳይ ገባ። ጭንቅላቴን ወደ ጓደኛዬ ሳሸሽ እሱም ተከተለኝ። እጄን ሳነሳ እጄን ያዘኝ። «የኔን ስም ሲጽፉ ከነአባቴ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ሌላ ተመሳሳይ ስም ያለው አለ» አለኝ። ልገፈትረው አልቻልኩም፤ አሁን ገና ስለ እኔ ብላችሁ ብያለሁ። እስፒከሩን ለመብለጥ ድምፁን ከፍ አደረገ፣ ደግሞ ከፍ አደረገ፣ በመጨረሻ እየጮኸ፣ «በዜና ይወጣል አይደል?» አለ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየን። ሰዎች ከንፈራቸው ላይ ጣት አደረጉ። አንዲት ልጅ «ኧረ በናታችሁ!» አለች። አዘጋጁ አንገቱን ደፋ። ወዲያው ጊታሩና ከበሮው አንድ ላይ ወረዱብን፣ ቁልቁል፣ ያ የማውቀው መመለሻ። አለፈ። የተቆረጠው ቦታ አለፈኝ።

ከአዳራሹ የወጣነው በአበባው ቅስት ሥር ነው። አዘጋጁ እስከ በሩ ሸኘን፤ የተሰጠኝን አበባ ዲኮር ሠራተኞቹ የነሱ መስሏቸው ተቀበሉኝ፣ እኔም አልተከራከርኩም። ወደ አየር ጤና የሚሄድ ታክሲ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ገባን። ጓደኛዬ ፊቱ በርቷል፤ እኔ ጆሮዬ ውስጥ የወጣቶች ማዕከል አለ።

«ሰማኸው?» አልኩት በመጨረሻ።

«ሰማሁት። አንተስ?»

«አልሰማሁም።»

ዞሮ አየኝ። የምቀልድ መስሎት ነበር። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ለማዘንም ለመሳቅም አልወሰነም።

«እሺ ንገረኝ» አልኩት። «እዚያ ጋ ምን አለ?»

«ምንም።»

«ምን ማለት ነው ምንም?»

«ምንም የለም። ዝም ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁሉም ዝም አሉ። ከዚያ ይወርዳል። እኔ የቆረጥኩት ዝምታ ነው።»

ምንጬ አንድ ነው፣ ምንጬ ደግሞ ጆሮው የማይታመን ሰው ነው፤ እዚያ ጋ ዝም ያለው ሰውዬው ነው ወይስ የጓደኛዬ ጆሮ? ይህን ልጠይቀው አልቻልኩም። ግን አለመጠየቅም አልችልም።

«እጁ የት ነበር?» አልኩት።

«ከክሩ ላይ አንስቶት። እንዲህ» አለና መዳፉን ዘርግቶ ከራሱ በላይ አነሳው።

«ወራጅ አለ!» አለ ረዳቱ። ታክሲው ጥግ ያዘ። በሩ ተከፈተ።

«ወራጅ የለም፣ ሂድ» አልኩት።

«አባት እጅ አንስተዋል እኮ።»

«እያሳየኝ ነው።»

«አቦ በእጅ አታውሩብን» አለ ረዳቱ፤ ሾፌሩ እያጉረመረመ ጉዞ ቀጠለ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «በዜና ይወጣል አይደል?» ያ ድምፅ ለምን ያን ያህል ጮኾ ተሰማ? እስፒከሩ አጠገብ ሆነን፣ ሦስት መቶ ዋት ሲያናውጠን፣ የአንድ ሰው ጩኸት እንዴት አዳራሹን ሙሉ አዞረ? ሌላ ድምፅ ስላልነበረ ነው። ሰውዬው እጁን አንስቶ ነበር። ጓደኛዬ ትክክል ነው፤ ጆሮውም እስካሁን አለ። ሁለተኛ ምንጭ እኔ ነኝ።

«ምን ሆንክ?» አለኝ ጓደኛዬ። «ያ ሰውዬ ደግሞ ዘፈኑን ሙሉ ሲያወራህ ነበር። ሁሉም ዞሮ ሲያያችሁ አይቻለሁ። ምን አለህ?»

ምንም አላለም ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ተውኩት። ወደ ቀኝ ጆሮው ጠጋ ብዬ ከወጣቶች ማዕከሉ ጀመርኩ። የይዞታውን ጉዳይ ነገርኩት፣ ከነአባቱ ይጻፍልኝ ያለውን ነገርኩት፣ አንድም ቃል ሳልቆርጥ፣ እስከ «በዜና ይወጣል አይደል?» ድረስ። አየር ጤና ደረስን፤ ወርደን የጦር ኃይሎችን ታክሲ እየጠበቅን አሁንም አልጨረስኩም ነበር።

ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«ይሄን ሁሉ ከምትነግረኝ» አለ፣ «አሳጥረህ አትነግረኝም ነበር?»